በራስ ጤና ላይ የተደረገ ሙከራ ዘገባ አጻጻፍ

ዘገባ የተደረገውን ነገር እንደ ተደረገ አድርጎ ለሌላ ሰው የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ስለ ገዛ ጤናችሁ የምትጽፉት ዘገባም አንባቢ ሙከራውን ሊደግመውና ሊመረምረው የሚችል መሆን አለበት።

ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ከሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር እየተቀመጠ ክብደቱን፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱም የሚወጣውን ለብዙ ዓመታት መዘነ። ከበላውና ከጠጣው ከግማሽ የሚበልጠው በዓይን በማይታይ ትነት እንደሚወጣም ተናገረ። ይሁን እንጂ በ1614 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ አጫጭር የድምዳሜ ዐረፍተ ነገሮችን እንጂ የየዕለቱን ልክ አልያዘም። ስለዚህ አንባቢው ድምዳሜውን ያውቃል እንጂ ሊያመሳክረው አይችልም።

እንዲህ ያለ ድካም ከንቱ እንዳይቀር በዘገባችሁ የሚከተሉትን አሟሉ።
ሀ. የሙከራውን ጥያቄ፤
ለ. ምን፣ በምን መሣሪያና መቼ እንደ ተለካ፤
ሐ. ሙከራው የፈጀውን ቀንና ሳይመዘገብ የቀረውን ቀን፤
መ. በዚያው ጊዜ የተለወጠ ሌላ ነገር፤
ሠ. ከግምታችሁ ጋር ባይስማማም እንኳ ውጤቱን።

ምሳሌ፦ «ማታ ቡና መተው እንቅልፌን ያረዝመው እንደ ሆነ ለማወቅ 14 ቀን እየጠጣሁ፣ 14 ቀን ደግሞ ሳልጠጣ የተኛሁበትንና የነቃሁበትን ጊዜ በግድግዳ ሰዓት እየተመለከትሁ መዘገብሁ። ከኋለኞቹ ቀናት 2ቱን ሳልመዘግብ ቀረሁ። በፊተኞቹ ቀናት በአማካይ 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ በተመዘገቡት በኋለኞቹ ቀናት 7 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ተኛሁ። ቡና ስተው ግን የትምህርት ቤት ፈተናም አልቆ ነበር።»

የግሥ አመራረጥ
1. ቡና ከተውሁ በኋላ እንቅልፌ ረዘመ።
2. ቡና መተዌ እንቅልፌን አረዘመው።

«ረዘመ» የማይሻገር ግሥ ስለ ሆነ ዐረፍተ ነገሩ የነገሮቹን ቅደም ተከተል ብቻ ይገልጻል። «አ» የተባለው ምዕላድ ሲጨመርበት ግን ግሡ ተሻጋሪ ይሆናል፤ ቡና መተውም የእንቅልፉ መርዘም ምክንያት ነው ማለት ነው። በምሳሌው እንቅልፉ የረዘመው ከፈተና ጭንቀት በመገላገል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጸሐፊው የሚገባው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። አንዲት ፊደል ያልተረጋገጠውን የተረጋገጠ ታስመስላለችና ተጠንቀቁ። ደግሞም በአንድ ሰው ላይ የታየ ውጤት ለሁሉም ሰው ሕግ አይሆንም።

መልመጃ
1. ከ«ሀ» እስከ «ሠ» የተዘረዘሩትን ነጥቦች ከምሳሌው ውስጥ ለይታችሁ ጻፉ።
2. በማይሻገር ግሥ ለውጣችሁ ጻፉ፦ (ሀ) ውኃ መጠጣቴ ራስ ምታቴን አጠፋው። (ለ) ማልዶ መነሣቴ አበረታኝ።
3. ለ7 ቀናት ጧት ከመኝታችሁ ሳትነሡ የልባችሁን ትርታ ለ1 ደቂቃ ቁጠሩና በአንድ ገጽ ዘገባ አቅርቡ።