የድረ ገጽ ሠሪዎች ትምህርትና የነጋዴው ድርሻ

ገበያተኛ የንግድ ቤትን ክብር ይገምት የነበረው በበሩ ላይ ከተሰቀለው ሰሌዳና ከዕቃው አደራደር ነበር። ዛሬ ግን በሐምቡርግ የሚኖር ቡና ገዢ ከላኪው ጋር ከመጻጻፉ በፊት ድረ ገጹን ይመለከታል። ገጹ የተዝረከረከ እንደ ሆነ ዕቃውም እንዲሁ ይመስለዋል። ስለዚህ ድረ ገጽ የሚሠራው ሰው ምን እንደ ተማረ መመርመር የነጋዴው ጉዳይ ሆኗል።

ሙያው ገና ወጣት ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሳለ የዓለም አቀፉን ድር አሳብ ያቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ተቋሙም በ1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቀደ። ከዚህም የተነሣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ናቸው። ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ቀጣሪው ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ ችሎታውን እንዲፈትን ያስገድደዋል።

አንድ ሠልጣኝ ሊያውቃቸው የሚገቡት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ሦስቱ መሠረታውያን ቋንቋዎች፤ ይኸውም ጽሑፉንና ሥዕሉን በየክፍሉ የሚያደራጀው ኤችቲኤምኤል፤ ቀለሙንና አቀማመጡን የሚወስነው፣ በ1996 የጸደቀው ሲኤስኤስ፤ ገጹ ለተመልካቹ ትእዛዝ መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው፣ በ1995 የወጣው ጃቫስክሪፕት ናቸው። የመጀመሪያውን ሳያውቅ ከሦስተኛው የሚጀምር ተማሪ መሠረት ሳይጥል ጣሪያ እንደሚያቆም ግንበኛ ነው።

ሁለተኛ፤ ገጽን ለእጅ ስልክ ማስማማት። ገጹ እንደ መስተዋቱ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ዘዴ ኤታን ማርኮት በ2010 በጽሑፍ አስረድቷል። በሀገራችን አብዛኛው ተመልካች በስልኩ የሚጠቀም ስለ ሆነ፤ ሠልጣኙ ከባድ ፎቶግራፎችን ማቅለልም ይገባዋል፤ ገጹ እስኪከፈት የሚባክነው የደንበኛው ገንዘብ ነውና።

ሦስተኛ፤ ለንባብ የሚመች አጻጻፍ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተራው ጽሑፍና ከበስተኋላው ያለው ቀለም በብርሃን ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲለያዩ ይጠይቃል። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፤ አማርኛውን በፎቶግራፍ መልክ መለጠፍ አያስፈልግም። እንዲህ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር በፍለጋ ለመገኘት ያዳግታል፤ ለዐይነ ስውር የሚያነብ መሣሪያም በቀላሉ አያነበውም።

ሙያ በልብ ነው ቢባልም፤ የዚህ ሙያ ማስረጃ ሥራው ነው። እንግዲህ ቀጣሪው ለአመልካቹ አምስት ዕቃዎችን ከነዋጋቸው ሰጥቶ አንድ ገጽ ያሠራው። ገጹንም አንድ አዛውንት ደንበኛ በአሮጌ ስልክ ይክፈቱት፤ ዋጋውንና አድራሻውን ያለ ረዳት ካገኙ አመልካቹ ተምሯል ማለት ነው።

በመጨረሻም የገጹ ስም በንግድ ቤቱ ስም ይመዝገብ፤ የምስጢር ቃሎቹም በነጋዴው እጅ ይቀመጡ፤ አለዚያ ሠራተኛው የሄደ ዕለት ሱቁ ተቆልፎበት ይቀራል። ሙያው በየዓመቱ የሚለወጥ ስለ ሆነ፤ ለሠራተኛው በየሳምንቱ ጥቂት የትምህርት ሰዓት መፍቀድ እንደ ወጪ ሳይሆን እንደ ዕቃ ጥገና ሊቈጠር ይገባዋል።