የመብራት ሽቦ በግድግዳ ውስጥ

በላስታ፣ በላሊበላ ከተማ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ክብ ባለ ደርብ ቤቶች አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መብራት ሲገባ ሽቦው ከምድር ቤት ወደ ደርቡ መውጣት አለበት። በየት በኩል እናውጣው?

ሽቦውን በድንጋዩ መሐል ሸጉጠን በጭቃ ብንመርገው ለዓይን ያምራል። ግን አደጋ አለው። አንድ ቀን አገልግል የምንሰቅልበት ሚስማር እንመታለን። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ሚስማሩ ሽቦውን ከወጋው ሰው ይገድላል። አይጥም አለች። የሽቦውን ልባስ ትበላዋለች። የተራቆተ ሽቦ ሣር ክዳን አጠገብ ምን እንደሚያደርግ መቼም አይጠፋንም።

ስለዚህ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ቱቦው ከማብሪያ ማጥፊያው በላይ ቀጥ ብሎ ይውጣ እንጂ በሰያፍ አይሂድ። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ሚስማር የማይመታበትን ቦታ ያውቃሉ። ሽቦው ቱቦ ውስጥ አይቀጠል፤ መቀጠል ካለበት ተከፍቶ በሚታይ ሳጥን ውስጥ ነው። ሥራው የባለሙያ ነው። እኛ ግን ቆመን እንይ፤ እንጠይቅም።

ግድግዳው በሚመረግበት ቀን መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። እርጥብ ጭቃ መብራት ያስተላልፋል፤ የምንመርገውም በባዶ እጃችን ነው።

ቱቦው ደርቡን በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ክፍተት ይቀራል። እሱን በጭቃ ጥቅጥቅ አድርገን እንድፈነው። ክፍት ከቀረ ከታች የተነሣ እሳትና ጢስ በዚያው ወደ ደርቡ ይወጣል። አይጧም መንገድ አገኘች ማለት ነው።