አንጎል ሲጎዳ

ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት፦ ራሱን ተመትቶ ቍስሉ ከዳነ በኋላ ጠባዩ የተለወጠ ሰው አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የምታውቁትን ለክፍል ጓደኞቻችሁ በቃል ግለጹ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፥ በቨርሞንት ግዛት፥ ካቨንዲሽ በምትባል ከተማ አጠገብ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ዐለት በባሩድ ይፈነቀል ነበር። የሠራተኞቹ ካቦ ፊኒየስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነው። ሥራው በተበሳው ዐለት ውስጥ ባሩድ ጨምሮ፥ በላዩ አሸዋ አድርጎ፥ በብረት ዘንግ መጠቅጠቅ ነበር። በዚያን ዕለት ወደ ማታ ግድም ዘንጉ ከዐለቱ ጋር ተጋጭቶ ብልጭታ ፈጠረና ባሩዱ ፈነዳ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም የሆነው ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ፥ ከዓይኑ በስተኋላ አልፎ፥ በዐናቱ ወጣ።

ጌጅ ግን አልሞተም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተናገረ፤ በሬዎች በሚስቡት ጋሪ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦም ወደሚያድርበት ቤት ሄደ። ሐኪም እስኪመጣ ድረስ በረንዳ ላይ ሆኖ አደጋው እንዴት እንደ ደረሰ ለተሰበሰበው ሰው ያስረዳ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቍስሉ አመርቅዞ ራሱን ሲስት፥ ያክመው የነበረው ዶክተር ጆን ሃርሎ መግሉን አፍስሶ አተረፈው። በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ቍስልን እንደሚበክሉ ገና ባልታወቀበት ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። የግራ ዓይኑ ብርሃን ቢጠፋም ጌጅ ከ10 ሳምንታት በኋላ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ።

ወደ ሥራው ሊመለስ በጠየቀ ጊዜ ግን አሠሪዎቹ አንቀበልህም አሉት። ከአደጋው በፊት ከካቦዎች ሁሉ ብልህና ትጉህ ነው ይሉት የነበሩ እነዚያው አሠሪዎች ናቸው። ዶክተር ሃርሎ በ1868 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ ጌጅ ትዕግሥት ያጣ፥ አፉን የማይገታ፥ አንዱን ዕቅድ ሳይፈጽም ወደ ሌላው የሚዘል ሰው ሆኖ ነበር። እጁም፥ እግሩም፥ አንደበቱም ደኅና ነበሩ፤ የተጎዳው ልጓሙ ነው። በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል አስቀድሞ ለማቀድና ስሜትን ለመግታት የምንጠቀምበት ክፍል ነውና።

አንጎል እንዲጎዳ የራስ ቅል መበሳት የለበትም። አንጎል 1 ኪሎ ተኩል የማይሞላ ለስላሳ አካል ሲሆን፥ በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይገኛል። መኪና ሲጋጭ ወይም ሰው ከዛፍ ሲወድቅ፥ አንጎል ከራስ ቅሉ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ውስጡ ከደማም ቅሉ ስለማይለጠጥ ደሙ አንጎልን ይጫነዋል። ስለዚህ ራሱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፥ የራስ ምታቱ ከባሰበት፥ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፥ ወይም የዓይኖቹ ብሌኖች ከተበላለጡ፥ «ትንሽ ይረፍ» ሳይባል በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ከዳነም በኋላ መርሳት፥ ቶሎ መድከምና በጥቂቱ መቈጣት ለወራት፥ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቍስሉ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ስንፍና ወይም ብልግና ይመስላል፤ የቤተሰብ ጠብም ከዚህ ይነሣል።

አንዳንድ መጻሕፍት ጌጅ ከአደጋው በኋላ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ከንቱ ሆኖ እንደ ኖረ ይተርካሉ። ይህ የተጋነነ ነው። በ1852 ዓ.ም. ወደ ቺሊ ሄዶ፥ በቫልፓራይሶና በሳንቲያጎ መካከል 6 ፈረሶች የሚስቡትን የመንገደኞች ሠረገላ ለዓመታት ነድቷል። ይህ ደግሞ በሰዓቱ መነሣትን፥ ፈረሶችን መግራትን፥ ከመንገደኞች ጋር መግባባትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። በየቀኑ የሚደጋገም ሥርዐት ያለው ሥራ የጠፋውን ልጓም በከፊል ሳይመልስለት አልቀረም። ጤናው እንደገና ሲታወክ እናቱ ወዳለችበት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፤ የሚጥል በሽታ ይዞትም በ1860 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ሞተ። የራስ ቅሉና ዘንጉ ዛሬም በሃርቫርድ ዩኒቨርስቲ ይገኛሉ።

ጥያቄዎች
1. አሠሪዎቹ ጌጅን ወደ ሥራው ያልመለሱት ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
2. «የተጎዳው ልጓሙ ነው» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
3. ራሷን ተመትታ ከሐኪም ቤት የተመለሰች እኅት አለቻችሁ እንበል። በትምህርት ቤት ስለምትረሳውና ስለምትቈጣው ነገር ለመምህርዋ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ጻፉ።