ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል ነጋዴ ድረ ገጽ ስለ ማቋቋም

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በንፋስ መውጫ ሲያልፍ የመደብሮችን ሰሌዳ ያነባል፤ የሚያነበውም መኪናው እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ ገበያ የሚወጣውን ገብስ፣ ባቄላ ወይም ማር ሊገዛ የሚሻ የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር ነጋዴ ግን ይህን ሰሌዳ አያየውም። እርሱ ሻጩን የሚፈልገው በኢንተርኔት ነው፤ ከዚያ ካጣውም ሌላውን ይገዛል።

ድረ ገጽ ለማቋቋም የፕሮግራም ቋንቋ መማር ግድ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ ደብዳቤ በኮምፒዩተር መጻፍና ፎቶግራፍ መላክ የሚችል ባለ ሱቅ የራሱን ገጽ በጥቂት ቀን ሊያቆም ይችላል። ይሁን እንጂ ሥራው ቀላል በመሆኑ ብዙዎች ሳያጣሩ ይገቡበታል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከሥራው ክብደት ሳይሆን ከውሉ አለመታወቅ ነው።

ማንኛውም ድረ ገጽ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው ዶሜይን የሚባለው ስም ሲሆን፣ ከመደብሩ ሰሌዳ ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛው ሆስቲንግ፣ ማለት ገጹ ሌሊትና ቀን ተከፍቶ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ ነው። ሦስተኛው በመደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው ዕቃ፣ ይኸውም ጽሑፉና ሥዕሉ ነው። ሦስቱም ከአንድ ሻጭ ሊገዙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ገዢው መርሳት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ስሙ ነው። ብዙ ጊዜ ነጋዴው ሥራውን ለአንድ ኮምፒዩተር ለሚያውቅ ወጣት ይሰጠዋል፤ ወጣቱም ለመፋጠን ብሎ ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። ያን ጊዜ ማንም ክፋት አላሰበም። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ባለቤት ሆኖ የሚታወቀው ገንዘቡን የከፈለው ሳይሆን የተመዘገበው ሰው ነው። ወጣቱ ወደ ሌላ አገር የሄደ፣ ወይም ከነጋዴው ጋር የተቃቃረ እንደ ሆነ፣ ዓመታት የታወቀበት የንግድ ስም ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። እንግዲህ ስሙ በድርጅቱ ስምና ባለቤቱ ራሱ በሚከፍተው ኢሜይል ይመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉም ከንግድ ፈቃዱ ጋር በሣጥን ይቀመጥ። ለሠራተኛው የሥራ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ የሣጥኑን ቁልፍ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስም የሚገዛው ለዘለዓለም አይደለም፤ በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ነው። በዶት ኮም የተመዘገበ ስም ጊዜው አልፎ ከመዝገብ ከተሰረዘ፣ የቀድሞው ባለቤት ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሊወስደው ይችላል። ዶት ኢቲ የሚባለው የአገራችን መለያ በኢትዮ ቴሌኮም አስተዳደር ሥር ነው። የጋይንት ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ በስልክ ሲነገር ያለ ስሕተት የሚጻፈውን አጭር ስም መምረጥ ይሻላል።

ገጹን ለመሥራት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች መካከል ጉግል ሳይትስ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ነገር ግን የመሸጫና የገንዘብ መቀበያ ክፍል የለውም። ዊክስ ሁሉንም አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ ሆኖም በዚያ የተሠራው ገጽ እንዳለ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቤት አይዛወርም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕረስ ለመማር ጥቂት ቀን ቢወስድም ከአንዱ አከራይ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ዛሬ ርካሽ የሆነው ነገ ዋጋ ሲጨምር መውጫ ያለው ነጋዴና መውጫ የሌለው ነጋዴ እኩል አይደሉም። አብዛኞቹ የውጭ ድርጅቶች ዋጋቸውን በዶላር ስለሚጠይቁ፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው በብር ከሚያከራዩ የአገር ውስጥ ሻጮች ቢጠይቅ ይቀልለዋል። ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ሰርተፊኬት በአሁኑ ጊዜ በነጻ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ ለብቻ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅ አከራይ ምክንያቱን ይጠየቅ።

ስለ አማርኛው ጽሑፍ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተዘጋጁት የጽሕፈት ፕሮግራሞች የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ግን በውስጡ የላቲን ምልክት ስለ ሆነ፣ ወደ ገጹ ሲገለበጥ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በስልክም ቢሆን እንደ ገና በዩኒኮድ ይጻፍ። ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል፤ «ከ2 እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው» የሚለውን የውጭ አገር ሰው ከሌሊቱ እንደሚጀምር አድርጎ ያነበዋል፤ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ከ8 እስከ 17 ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። የዓመተ ምሕረቱም ልዩነት እንደዚሁ ነው።

ሥዕሎች ያምሩ ዘንድ ብቻ አይመረጡም። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አያሌ ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ ደንበኛው ደካማ መስመር ላይ ካለ ገጹ ሳይከፈት ትቶት ይሄዳል። ወደ 200 ኪሎባይት ያህል ዝቅ ቢደረግ የገብሱ ፍሬ አሁንም ይታያል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ ነጋዴው ሁሉ ያስታውሰዋል። በሌላ ስፍራ ባለ ሰርቨር የተቀመጠ ገጽ እንዲህ ባለ ጊዜ አይዘጋም፤ የውጭው ገዢ ያየዋል፣ ትእዛዝም ይልክበታል፤ መልስ የሚሰጠው ግን አይኖርም። ገዢው ደግሞ ዝምታን እንደ እምቢታ ይቆጥራል። ስለዚህ በገጹ ላይ የመደበኛ ጥሪ ስልክ ቁጥር በጉልህ ይጻፍ፤ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ለሚኖር ታማኝ ዘመድም የሁለተኛ አስተዳዳሪነት ፈቃድ ይሰጠው። የመግቢያው ማረጋገጫ በስልክ መልእክት የሚመጣ ከሆነ፣ ስልኩ ቢጠፋ ባለቤቱ ራሱ በውጭ ይቀራል፤ መጠባበቂያ ቁጥሮቹን በወረቀት አትሞ መያዝ ያስፈልጋል።

በገጹ የሚወጣ ዋጋ የግድግዳ ማስታወቂያ ብቻ ተደርጎ አይታይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ መልእክት ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የእህል ዋጋ ከአዝመራ እስከ ክረምት ስለሚለዋወጥ፣ ከዋጋው አጠገብ የተጻፈበት ቀንና የሚጸናበት ጊዜ፣ ዋጋው በንፋስ መውጫ መጋዘን ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሆኑ፣ ኩንታሉም ከነጆንያው ወይም ያለ ጆንያው መመዘኑ አብሮ ሊገለጽ ይገባል።