ለአሮጌ መኪና ዐዲስ ዕቃ፤ ስለ ቤንዚን ኢንጀክሽንና ስለ ካምቢዮ ለመለዋወጫ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣም ሆነ በሱቁ የሚሸጥ ነጋዴ፣ አንድ ደንበኛ መጥቶ «የድሮ ቮልስዋገን አለኝ፤ ካርቡራቶሩን አንሥቼ በምትኩ ኢንጀክሽን ላስገጥም አስቤአለሁና ዕቃው ይገኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «አዎን ይገኛል» ብሎ አንድ ፖምፓና አራት ኢንጀክተር ጠቅልሎ የሰጠ ነጋዴ፣ ለጊዜው ገንዘብ ቢያገኝም፣ ውሎ ሳያድር ዕቃው ከነወቀሳው ተመልሶ ይመጣበታል። ከዚህም የባሰው ነገር፣ የደንበኛው መኪና በእሳት ሊጠፋ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ይህ ሥራ ምን ምን ዕቃ እንደሚጠይቅና ነጋዴው ከመሸጡ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት በዝርዝር እንገልጻለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለምሳሌ የመረጥነው ቮልስዋገንን ነው፤ ምክንያቱም በሀገራችን መንገድ ላይ ለብዙ ዘመን የኖረና ሁሉም የሚያውቀው መኪና ስለሆነ ነው። የዚህ መኪና የመጨረሻው በሜክሲኮ ሀገር በፑዌብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው በሐምሌ ወር 2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የተሠሩት በጠቅላላው 21,529,464 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዐዲስ ስለማይሠራ፣ ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታየው ሁሉ በጥገና የሚኖር ነው። በተጨማሪም በጥር ወር 2024 የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ የታወቀ ነው። ይህም በሀገር ውስጥ ያለውን የቤንዚን መኪና ጠግኖ ማቆየትን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል፤ የመለዋወጫ ነጋዴውም ኃላፊነት በዚያው ልክ ከፍ ብሏል።

1ኛ. ካርቡራቶርና ኢንጀክሽን በምን ይለያያሉ?

ቤንዚን በደንብ እንዲነድ በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ያስፈልጋል። ካርቡራቶር ይህን መጠን የሚጠብቀው ቀዳዳው በልክ በተበጀ የናስ ቁራጭ አማካይነት ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ቤንዚኑ በዚያች ቀዳዳ እየተሳበ ይወጣል። ቀዳዳዋ ግን የአየሩን መሳሳት አታውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተበጀ ካርቡራቶር በአዲስ አበባ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መካኒኩ ቀዳዳውን ለአዲስ አበባ ቢያጠብበው ደግሞ፣ መኪናው ወደ አዋሽና ወደ ጂቡቲ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

ኢንጀክሽን ይህን ችግር ያስወግዳል። የሚገባውን አየር ሴንሰር የተባለው መለኪያ ይለካል፤ ኮምፒዩተሩ ይህን ተቀብሎ ኢንጀክተሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት ይወስናል። ለደጋም ለቆላም ቤንዚኑን ያመዛዝናል ማለት ነው።

ነገር ግን ነጋዴው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ኢንጀክሽን ቤንዚኑን ያስተካክላል እንጂ የጎደለውን አየር አይጨምርም። በፋብሪካው ሰነድ 34 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው የ1200 ሞተር፣ በአዲስ አበባ አየር ከ26 ብዙም አይበልጥም። «ኢንጀክሽን ካስገጠሙበት ጉልበቱ ይመለሳል» ብሎ የሸጠ ሰው የማይፈጸም ተስፋ ሸጧል።

2ኛ. ፋብሪካው ራሱ እንዴት አደረገ?

ይህ ሞተር ኢንጀክሽንን የሚቀበል መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የቮልስዋገን ኩባንያ በ1967 የቦሽ ፋብሪካ የሠራውን የኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን በ1600 ሞዴሉ ላይ ገጥሞ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ትንሹን ቮልስዋገን በዚሁ ዓይነት መንገድ ለአሜሪካ ገበያ አዘጋጀ። በሜክሲኮ የተሠሩትም ከ1993 ሞዴል ጀምሮ ካርቡራቶራቸው በኢንጀክሽን ተተክቷል።

ከዚህ የምንማረው ግን ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካው ካርቡራቶሩን አንሥቶ ኢንጀክተር ብቻ አልተካም። ፖምፓውን ለወጠ፤ የቤንዚን መመለሻ ቱቦ ጨመረ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውን እንደገና ዘረጋ። ኢንጀክሽን አንድ ዕቃ ሳይሆን እርስ በርሱ የተያያዘ ሰንሰለት ነውና፣ ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ቢጎድል የቀሩት ሁሉ ዋጋ ያጣሉ። የትምህርታችንም ዋና ፍሬ ነገር ይህ ነው።

3ኛ. የቤንዚኑ መሥመር

በካርቡራቶር የሚሠራው ቮልስዋገን ፖምፓ ከሞተሩ ላይ የተገጠመና ሞተሩ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ሲሆን፣ ቤንዚኑን የሚልከው በ0.2 ባር ገደማ ግፊት ነው። ፋብሪካው በ1975 የተጠቀመበት ኢንጀክሽን ግን 2.5 ባር ያህል ይፈልጋል፤ ዛሬ ለአሮጌ መኪና ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ባር ይጠይቃሉ። ግፊቱ ከዐሥር እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ ያስፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ፖምፓ መግፋት እንጂ መሳብ ስለማይሆንለት፣ ቦታው ከፊት ከቤንዚን ታንኩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ነው። ከእርሱ ጋር ማጣሪያ፣ የግፊት መቆጣጠሪያ፣ የተረፈውም ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመለስበት ቱቦ ይገባሉ። ሞተሩ ሲቆም ፖምፓውን የሚያጠፋ ሪሌም የግድ አስፈላጊ ነው፤ አለበለዚያ መኪናው ተጋጭቶ ቱቦው ቢበጠስ ፖምፓው ቤንዚኑን ማፍሰሱን አያቆምም።

የጎማ ቱቦው ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ላየ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ በላያቸው የታተመው ጽሑፍ ግን ይለያቸዋል። «ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 30 አር 7» የሚለው ለካርቡራቶር የሚሆን ሲሆን፣ «ኤስ.ኤ.ኢ. ጄ 30 አር 9» የሚለው ለኢንጀክሽን ከፍተኛ ግፊት የተሠራ ነው። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ፈንታ የሸጠ ነጋዴ አደጋ ሸጧል። የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ ያለ ነው፤ ገላውም በውስጡ ማግኔዚየም ካለበት ቀላል ብረት የተሠራ ነው። ማግኔዚየም አንድ ጊዜ ከተያያዘ ውሃ ያፋፍመዋል እንጂ አያጠፋውም። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጭ አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ መኪናውን በሙሉ አመድ ለማድረግ ይበቃል። ቱቦውን የሚያስረውም ፋሸታ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ጎማውን የማይቆርጥ ዓይነት መሆን አለበት።

4ኛ. የኤሌክትሪኩ መሥመር

እስከ 1966 ድረስ የተሠሩት ብዙዎቹ ቮልስዋገኖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የኢንጀክሽኑ ኮምፒዩተር፣ ፖምፓና ኢንጀክተሮች ግን 12 ቮልት ይፈልጋሉ። ስለዚህ የመኪናውን ቮልት ሳይጠይቁ ዕቃውን መሸጥ አይገባም። መኪናው ወደ 12 ቮልት ሲለወጥ አምፖሎቹና ሌሎቹም የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አብረው መለወጣቸውን ደንበኛው ከወዲሁ ማወቅ አለበት።

አሮጌው ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ፖምፓና ኮምፒዩተር ሲጨመርበት ባትሪው ይደክማል። በአልተርኔተር መለወጡ መልካም ነው፤ ሆኖም በቮልስዋገን ላይ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የሚታሰረው በዚያው ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ ማንኛውም አልተርኔተር አይሆንም። ለዚሁ ሞተር የተሠራው ከነመቀመጫው መቅረብ አለበት።

ስለ ሴንሰሮቹም ሦስት ነገር እንናገር። የመጀመሪያው፣ በገበያ የሚገኙት ዕቃዎች አብዛኞቹ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተዘጋጁ ናቸው፤ የቮልስዋገን ሞተር ግን በአየር ስለሚቀዘቅዝ የቴስታታው ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ኮምፒዩተሩ ለዚህ ካልተስተካከለ ሙቀቱን በትክክል አይረዳውም። ሁለተኛው፣ የኦክሲጅን ሴንሰሩ የሚገጠመው በጭስ ማውጫው ላይ ነው። ቱቦው ወይም ማርሚታው የተበሳ ከሆነ ከውጭ የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያሳስተውና ኮምፒዩተሩ ያለ ምክንያት ቤንዚን ይጨምራል። ሦስተኛው፣ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን አዟዟር የሚያውቅበት ጥርሳም ቀለበት ያስፈልጋል፤ ከ36 ጥርስ አንዱ የጎደለበት ዓይነት በጣም የተለመደ ነው። ቀለበቱና የሚያነበው ሴንሰር ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚስማሙ መሆን አለባቸው።

5ኛ. ቮላኖ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ

ከሞተሩ ወደ ጎማው በሚያደርሰውም መሥመር ላይ ተመሳሳይ ስሕተት ይፈጸማል። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ ያለው ሲሆን ፍሪሲዮኑ 180 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ12 ቮልቱ ቮላኖ ደግሞ 130 ጥርስ ሲኖረው ፍሪሲዮኑ 200 ሚሊ ሜትር ነው። ቮላኖው ሲለወጥ ሞተሪኖውና ፍሪሲዮኑም አብረው ይለወጣሉ፤ በአሮጌውም ካምቢዮ ቤት ውስጥ ትልቁ ቮላኖ እንዳይፋጭ ብረቱ በመጠኑ መሞረድ ይኖርበታል። አንዱን ብቻ ገዝቶ የሄደ ደንበኛ በማግሥቱ ተቆጥቶ መመለሱ አይቀርም።

«ረጅም ማርሽ» የሚሹም ደንበኞች አሉ። የቮልስዋገን አራተኛ ማርሽ በብዙዎቹ ላይ 0.89 ነው። በምትኩ 0.82 ቢገባ በደቂቃ 3,500 ጊዜ ይዞር የነበረው ሞተር በዚያው የመኪና ፍጥነት ወደ 3,225 ገደማ ይወርዳል። ይህ በሜዳ ላይ ጸጥታና እረፍት ይሰጣል። ነገር ግን ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ለሚወጣ ሰው ጉዳቱ ያመዝናል። ሞተሩ በከፍታው ምክንያት ጉልበቱ ቀንሷል፤ ማራገቢያውም ከሞተሩ ዋና ዘንግ በቺንጋ የሚዞር ስለሆነ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚነፋው አየር ያንሳል። ስለዚህ ሸክሙ በበዛበት ሰዓት ማቀዝቀዣው ይደክማል። ደንበኛው መኪናውን የት እንደሚነዳው መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ብርቱ ሞተር ለማስገባት ለሚያስብም ሰው ምክር ያስፈልገዋል። አሮጌዎቹ ሞዴሎች የኋላ ጎማቸው የሚወዛወዝ አክስል ያላቸው ስለሆኑ፣ በፍጥነት ሲታጠፉ ጎማው ወደ ውስጥ ሊታጠፍባቸው ይችላል። የብዙዎቹም ፍሬን በአራቱም ጎማ የከበሮ ዓይነት ነው። ፍሬኑና አክስሉ ሳይጠነክር ጉልበት መጨመር የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

6ኛ. ነጋዴው ምን ያድርግ?

አስመጪው ዕቃውን በተናጠል ሳይሆን ከአንድ ሠሪ በሙሉ ስብስብ ይዘዝ፤ ይኸውም ፖምፓ፣ ማጣሪያ፣ የግፊት መቆጣጠሪያ፣ ኢንጀክተር፣ ኮምፒዩተር፣ ሴንሰሮች፣ ሪሌ፣ ሽቦና የመግጠሚያ መጽሐፍ ነው። ከዚህም ጋር ቶሎ የሚያልቁትንና የሚበላሹትን፣ ማለት ማጣሪያ፣ ቱቦ፣ ሪሌና ሴንሰር፣ በመጋዘኑ ያኑር። የተበላሸ ካርቡራቶርን ማንኛውም መካኒክ በመንገድ ዳር አጥቦ ያስነሣዋል፤ የሞተ ሴንሰር ግን በሌላ ካልተተካ አይድንም። መለዋወጫው በማይገኝበት ሀገር ውስጥ ኢንጀክሽን የሸጠ ሰው መኪናውን አቁሞታል ማለት ነው።

ባለ ሱቁም ከመሸጡ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦ የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር ስንት ነው? መኪናው ስንት ቮልት ነው? የቮላኖው ጥርስ ስንት ነው? ዲናሞ ነው ወይስ አልተርኔተር? ጭስ ማውጫው ደኅና ነው? መኪናው የሚነዳው በከተማ ነው ወይስ ወደ ቆላ ይወርዳል? ማን ይገጥመዋል? መልሱን በደረሰኙ ላይ ቢጽፈው ወደ ፊት ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆነዋል።

በመጨረሻም፣ ከከተማ ለማይወጣና ሞተሩ ደኅና ለሆነ ደንበኛ፣ ካርቡራቶሩን አሳድሶ ቀዳዳውን ለአዲስ አበባ አየር ማስተካከል ይበቃው ይሆናል። ይህን በግልጽ የነገረው ነጋዴ በዚያ ቀን የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። ነገር ግን ያ ደንበኛ በሌላ ጊዜ ፍሬን ሲያስፈልገው፣ ጎረቤቱም ፍሪሲዮን ሲፈልግ፣ ወደ ማን ሱቅ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው።