ስለ ጨዋታ ዓለም አመራረጥ

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጥግ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ በየቅዳሜው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጠን የምንጫወት አምስት ተማሪዎች መኖራችንን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የምንጫወተው ምን እንደ ሆነ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዳንዱ ዳይሱን አይቶ ቁማር ነው ይላል፤ አንዳንዱም ስለ ዘንዶና ስለ አስማተኛ ስናወራ ሰምቶ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድሜ የጨዋታውን ምንነት በአጭሩ ካስረዳሁ በኋላ፣ ጨዋታውን ለመጀመር የሚፈልግ ሁሉ ስለሚገጥመው አንድ ጥያቄ ያገኘሁትን ትምህርት እገልጻለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓለም ከታተመ መጽሐፍ መውሰድ ይሻላል ወይስ በገዛ እጅ መሥራት? ትምህርቱን ያገኘሁት ተሳስቼ ስለ ሆነ ስሕተቴንም አልደብቅም።

የጨዋታው ምንነት

የጨዋታው ስም «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አዘጋጅተውት በ1974 ዓ.ም. ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከተጫዋቾቹ አንዱ መሪ ይሆናል። የቀሩት ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በሐሳባቸው ይፈጥራሉ፤ ይኸውም ወታደር፣ ሌባ፣ ካህን ወይም አስማተኛ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ መሪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ድልድዩም ተሰብሯል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱም የፈጠረውን ሰው ሆኖ ይመልሳል። ነገሩ መሳካቱ የሚያጠራጥር በሆነ ጊዜ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቍጥር ላይ የዚያ ሰው የችሎታ ቍጥር ይደመራል፤ ድምሩ መሪው ከወሰነው ቍጥር ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ተሳካ ማለት ነው። በጨዋታው አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ገንዘብም አይያዝበትም። ታሪኩ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይቀጥላል፤ ይህም ተከታታይ ታሪክ ዘመቻ ይባላል።

አባቴ ዳይሱን መጀመሪያ ባዩ ጊዜ «አንተ ልጅ፣ ቁማር ጀመርክ እንዴ?» ብለው ተቈጥተውኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን መጥተው ከአጠገባችን ተቀምጠው ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ካዳመጡ በኋላ፣ ወደ ቤት ስንመለስ «ይህማ ተረት ነው፤ ግን ተረቱን የሚያወራው አንድ ሰው ብቻ አይደለም» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ወደ ፊት እንደምታዩት፣ ይህን ቃል ረስቼ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ።

የታተመው ዓለም

ጨዋታውን የጀመርነው ዐሥረኛ ክፍል ሳለን ነው። መሪ ሆኜ የተመረጥሁትም ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን መጽሐፉ በእጄ ስለ ነበረ ነው። በአሜሪካ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ፣ «ፎርጎትን ሬልምስ» ስለሚባለው ዓለም ምዕራባዊ ጠረፍ የሚናገር በ2015 የታተመ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄዶ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ዋተርዲፕና ኔቨርዊንተር የሚባሉት ከተሞች፣ መንገዶቹ፣ አማልክቱ፣ የየአገሩ ሕዝብና ልማዱ ሁሉ በየምዕራፉ ተጽፏል።

የታተመ ዓለም ሦስት ጥቅም እንዳለው አይቻለሁ። አንደኛ፣ ጊዜ ይቈጥባል፤ ዐርብ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ባነብ ለቅዳሜው ይበቃኝ ነበር። ትምህርቱ ለሚከብደው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ስለ ሆነ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ይስማማል። ሦስተኛ፣ መሪው ቢታመም ወይም ትምህርቱን ቢጨርስ ሌላው መጽሐፉን ከፍቶ ሊቀጥል ይችላል።

ይሁን እንጂ ጕዳቱም አልዘገየም። ከጓደኞቻችን አንዱ መጽሐፉን ተውሶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከዚያ ወዲያ እኔ አንድ ነገር በተናገርሁ ቍጥር «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ይለኝ ጀመር። ልክ ነበር፤ እኔ ግን በሰው ፊት አፍር ነበር። መጽሐፉን ያላነበቡት ሦስቱ ደግሞ እንዳይሳሳቱ ፈርተው ዝም አሉ። ጨዋታችን ጨዋታነቱ ቀርቶ የቃል ፈተና መሰለ።

በእጄ የሠራሁት ዓለም

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። እኔም ይህን ተረት ለራሴ እየደጋገምሁ ክረምቱን ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ የራሴን ዓለም ሠራሁ። ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተር ጻፍሁ፤ የሰባት መንግሥታት ካርታ ሣልሁ፤ የአራት መቶ ዓመት የነገሥታት ዝርዝር አወጣሁ። እናቴ መብራት አጥፋ እስኪሉኝ ድረስ እጽፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ክረምት በጣም ደስ ያለኝ ክረምት ነው።

መስከረም ጠባና ጨዋታው ሲጀመር ግን ከሦስቱ ሰዓት አርባውን ደቂቃ ታሪክ በማንበብ ጨረስሁት። ጓደኞቼ አዛጉ። ከዚያም መንታ መንገድ ላይ ባደረስኋቸው ጊዜ፣ እኔ በሰሜን ያለውን ዋና ከተማ አዘጋጅቼ ስጠብቅ እነርሱ አህያው የጠፋበትን ነጋዴ ለመርዳት ወደ ደቡብ ሄዱ። መንገዱን በጐርፍ ዘጋሁት። በሌላ በኩል ሊዞሩ ቢሞክሩ ሽፍታ አመጣሁባቸው። በአራተኛው ቅዳሜ ሁሉም የማደርገው ገብቷቸው፣ «ወዴት እንድንሄድ ነው የምትፈልገው?» ብለው በግልጽ ጠየቁኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን በአምስተኛው ቅዳሜ ሆነ። ከመካከላችን ጥቂት የምትናገረው ልጅ በዚያን ቀን አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አዲስ ሰው ፈጥራ ነበር፤ ይህችም ሴት የጨው ነጋዴ ናት፤ አገርዋ ደሴት ነው፤ የአገሩም ሰዎች በገንዘብ ፈንታ የሚገበያዩት በተጠረበ ጨው ነው። እኔ ደብተሬን ገልጬ «እንዲህ ያለ ደሴት የለም፤ ገንዘቡም ወርቅ ነው» አልኋት። ምንም ሳትመልስ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች፤ በሌላውም እንደዚሁ። በክፍል አግኝቼ ብጠይቃት «ለፈተና እያጠናሁ ነው» አለችኝ። ፈተናው ግን ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

ያ መጽሐፉን ያነበበው ጓደኛችን በዚያን ጊዜ የነገረኝን አልረሳውም። «ከመጽሐፉ ጋር መከራከር ይቻል ነበር፤ አሁን ግን መጽሐፉ አንተው ነህ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የታሪክ መምህራችን ስለ ንግድ ሲያስተምሩን ስለ አሞሌ ነገሩን። ከአፋር በረሃ የጨው ሜዳ እየተቈረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው የጨው ጥርብ እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ይህን ስሰማ ወደ ኋላ ዘወር ብዬ ላያት አልደፈርሁም። ማታ ደብተሬን ከፍቼ መረመርሁ። በእኔ ዓለም ዐሥር መዳብ አንድ ብር፣ ዐሥር ብር አንድ ወርቅ ይሆናል። ይህም ሳላውቀው ከታተመው መጽሐፍ የገለበጥሁት ነበር። የራሴ ነው እያልሁ በኰራሁበት ዓለም ውስጥ ያለው ገንዘብ የተውሶ ነው፤ ከራሳችን ምድር የመጣውን ደግሞ የለም ብዬ መልሼዋለሁ።

የጨዋታው ታሪክ ምን ያስተምራል?

ከዚህ በኋላ የታወቁት ዓለሞች እንዴት እንደ ተሠሩ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትም ሐሳቤን ለወጠው።

አርነሰን በ1971 ገደማ «ብላክሙር» የሚባለውን ዓለም ሲጀምር የነበረው አንድ ግንብ፣ በአጠገቡ ያለ መንደርና ከግንቡ በታች የተቈፈረ ዋሻ ነው። ጋይጋክስም በ1972 «ግሬይሆክ» የተባለውን ሲጀምር እንደዚሁ ከአንድ ግንብና ከሥሩ ካለው ጕድጓድ ተነሣ። በ1974 የወጡት ሦስት ትናንሽ የደንብ መጻሕፍት የተሟላ ዓለም አልያዙም ነበር፤ መሪው ሁሉ የራሱን እንዲሠራ ይጠበቅ ነበርና። በ1976 «ጀጅስ ጊልድ» የተባለ ድርጅት የአንድ ከተማ ካርታና ዝርዝር አሳትሞ አወጣ። ጋይጋክስም ዓለሙን በ1980 ሲያሳትም 32 ገጽ ካለው ቀጭን መጽሐፍና ከሁለት ካርታ አላለፈም።

በእጄ ያለው መጽሐፍ የሚናገርለት ፎርጎትን ሬልምስስ ከየት መጣ? ኤድ ግሪንዉድ የተባለ ካናዳዊ ጨዋታው ገና ሳይፈጠር፣ በልጅነቱ ለራሱ ተረት መጻፊያ ያሰበው ዓለም ነው። በኋላም ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወትበት ኖሮ በ1987 ታተመ። በ2002 ደግሞ አንድ አሳታሚ አዲስ ዓለም የሚያቀርብ እንዲወዳደር ቢያስታውቅ ከ11,000 በላይ ሐሳቦች መጡለት። ያሸነፈው ኪት ቤከር ነበር፤ ዓለሙም «ኤበሮን» ተብሎ በ2004 ወጣ። በውድድሩ መጀመሪያ የተጠየቀው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው። እኔ በሁለት ደብተር ያልሆነልኝን ሰውየው በአንድ ገጽ ጀመረው።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የታተመው ሁሉ መጀመሪያ በእጅ የተሠራ ነበር፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደማስበው ያህል ሰፊ አይደለም። ሁለተኛው፣ ከእነዚህ የሚበዙት በጨዋታ ጠረጴዛ ዙሪያ ከጥቂቱ ተነሥተው ቀስ በቀስ የሰፉ ናቸው።

ለሚመርጥ ሰው የሚረዱ ጥያቄዎች

ጨዋታውን ለመጀመር የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት አለኝ? ለዝግጅት ከአንድ ሰዓት በላይ የማይተርፈው የታተመውን ይውሰድ። ጨዋታው ትምህርትን የሚሻማ ከሆነ ወላጆች ቢከለክሉ እውነት አላቸው።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉን የሚያውቀው ማን ነው? አንዱ አውቆ ሌላው የማያውቅ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን «እስከ ዛሬ ድረስ ያለው በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እውነቱ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ነው» ብላችሁ ተስማሙ። የሚያውቀውንም ጓደኛ ዝም በል ከማለት ይልቅ በታሪኩ ውስጥ ሊቅ አድርጉት። የእኛው ጓደኛ ዛሬ የሚጫወተው እንደ አንድ አዛውንት የታሪክ ጸሓፊ ሆኖ ነው፤ ዕውቀቱም ለሁላችን መርጃ ሆኗል።

ሦስተኛ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? በእጁ የሚሠራ ሰው አንድ መንደር፣ አንድ ወንዝ፣ ስም ያላቸው ሦስት ሰዎችና አንድ ችግር ቢያዘጋጅ ይበቃዋል። የነገሥታቱ ዝርዝር የሚጻፈው አንድ ተጫዋች ስለ ንጉሡ የጠየቀ ቀን ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ።

አራተኛና ዋናው፣ ለጓደኞቼ የተውሁት ባዶ ቦታ የት ነው? የታተመም ይሁን በእጅ የተሠራ፣ ባዶ ቦታ የሌለው ካርታ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

እኛ አሁን የመረጥነው ሁለቱን አቀላቅሎ ነው። ከታተመው መጽሐፍ አንዲት የወደብ ከተማ ከነካርታዋ ወስደናል፤ ከከተማይቱ በር ውጭ ያለውን ግን ሁላችን በየተራ እንጽፋለን። በዚህም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ሙሉ በሙሉ እንደማይሠራ ተረድቻለሁ። የሰው ወርቅ ቢሆንም አቅልጦ የራሱን ጌጥ ለሚሠራበት ያደምቃል።

ያችን ልጅ በተመለከተ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቃላት አዘጋጅቼ ሄጄ ሁሉም ጠፋብኝ። ስለዚህ ካርታውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ «ደሴቱ የት ነው ያለው?» ብቻ አልኋት። ጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ካየችኝ በኋላ እርሳስ አወጣች። ደሴቱ ዛሬ ከወደቡ በስተ ምሥራቅ በእርስዋ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ ይገኛል። የከተማችንም ነጋዴዎች የጨው ጥርብ ይቀበላሉ፤ የምንዛሬውን ዋጋ የወሰነችው እርስዋ ናት፤ በውድ ነው የምትሸጥልን።

እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን እጨርሳለሁ። መጽሐፉን፣ ካርታውንና ሁለተኛውን ደብተር ለጨዋታው ጠረጴዛ ትቼ እሄዳለሁ። የደብተሩን የነገሥታት ዝርዝር ማንበብ ግዴታ አይደለም። ከኋላ በኩል ግን ዐሥራ ሁለት ያልተጻፈባቸው ሉኮች አሉ፤ በሚመጣው መስከረም መጥቶ የሚጽፍባቸው ቢገኝ ደስ ይለኛል።