ነጋዴና አማልክት በፖምፔይ ግድግዳ ላይ

ስለ ጥንታዊት ሮማ የግድግዳ ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሥዕሎቹን በሁለት ይከፍሏቸዋል፤ ይኸውም በአንድ ወገን የአማልክትና የጀግኖች ተረት፣ በሌላው ወገን ገበያና የዕለት ሥራ ነው። ይህ አከፋፈል ለትምህርት ይመች ይሆናል እንጂ፣ ሥዕሎቹ በተሣሉበት ቦታ ሁለቱ አንድ ግድግዳ ተካፍለው ይገኛሉ። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው፣ አምላኩ ከሠራተኛው ዘንድ ምን ሊያደርግ መጣ? የሚለው ነው።

ማስረጃው በብዛት የሚገኘው በደቡብ ኢጣልያ፣ በፖምፔይ ነው። በ79 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ከተማይቱን ስለ ቀበራት፣ በሌላ አገር ፀሐይና ዝናብ ያጠፋው የሱቅ ፊት ሥዕል እንኳ በዚያ ተጠብቆ ቆይቷል።

በከተማይቱ ትልቅ ጐዳና ላይ ቬሬኩንዱስ የተባለ ሰው የሱፍ ጨርቅ ይሠራ ነበር። በሱቁ በር አንድ ወገን፣ ከላይ፣ የከተማይቱ ጠባቂ ቬኑስ ዘውድ ደፍታ ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ቆማለች። ከሥሯ ሠራተኞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ሱፍ ያበጥራሉ፤ ሌሎቹ በመካከል እሳት ያለበትን ምድጃ ከብበው፣ ሳይሸመን በሙቅ ውሃ ታሽቶ የሚጠብቀውን ወፍራም ጨርቅ ያሻሉ። በስተቀኝ ጫፍ ቬሬኩንዱስ ራሱ ያለቀውን ጨርቅ ዘርግቶ ለመንገደኛው ያሳያል፤ ስሙም ተጽፏል። በበሩ ሌላ ወገን የነጋዴዎች አምላክ ሜርኩሪዮስ የገንዘብ ከረጢቱን ይዞ ከቤተ መቅደስ ሲወጣ፣ ከሥሩ አንዲት ሴት ዕቃዋን ዘርግታ ከገዢ ጋር ትነጋገራለች።

የዚህን ሥዕል ድፍረት ለመረዳት የተማሩት ሮማውያን ስለ እጅ ሥራ ምን ያስቡ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ የእጅ ሠራተኞች ሁሉ የተዋረደ ሥራ እንደሚሠሩና ከሥራ ቤታቸው ለነፃ ሰው የሚገባ ነገር እንደማይገኝ ያስረዳል። ቬሬኩንዱስ ይህን አስተያየት ለማወቅ መጽሐፉን ማንበብ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። እርሱ ግን ሠራተኞቹን ከቬኑስ እግር ሥር አስቀመጣቸው፣ ስሙንም አጻፈ። የሚያፍር ሰው እንዲህ አያደርግም።

አሁን ወደ ሀብታም ቤት እንግባ። ብዙ ሊቃውንት የቬቲ ቤት ባለቤቶች ከባርነት ነፃ ወጥተው በንግድ የከበሩ ሰዎች ነበሩ ይላሉ። በመግቢያው ላይ የመራባት አምላክ ፕሪያፖስ አካሉን ከገንዘብ ከረጢት ጋር በሚዛን ይመዝናል (ዝርዝሩ ለዚህ መጽሔት አይመችም)። በሌሎቹ ክፍሎች ሕፃኑ ሄርኩለስ እባቦች ሲያንቅ፣ ኢክሲዮን ሲቀጣ ይታያል፤ ጌታው የግሪክን ተረት ማወቁን እንግዳው እንዲረዳለት ነው። በትልቁ አዳራሽ ግን ክንፍ ያላቸው ትንንሽ የፍቅር አማልክት ሽቶ ይቀምማሉ፣ ወርቅ ይቀጠቅጣሉ፣ ወይን ይሸጣሉ፣ ልብስም ያጥባሉ። የሥዕሉ ውበት አያጠያይቅም። ሆኖም ሮማውያን አጣቢዎች ልብሱን የሚረግጡት ሽንት በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ነበር። ከክንፋሞቹ ዘንድ ሽታውም ላቡም የለም፤ ሥራው ጨዋታ ሆኗል፤ የሠራው ሰው ደግሞ ከግድግዳው ወጥቷል። ምናልባት ባለቤቶቹ የሚሹት ይህንኑ ነበር፤ ገንዘቡ የመጣበትን ሥራ እያሳዩ፣ የደከመበትን እጅ መደበቅ።

ከእውነተኛ አጣቢዎች ቤት የተገኘና ዛሬ በናፖሊ ሙዚየም ያለ ዓምድ አለ። በእርሱ ላይ የሚረግጡት ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ልብስ የሚሰጣበትን የተጠለፈ ቅርጫት ተሸክሞ ሲሄድ፣ በቅርጫቱ አናት ላይ የሚኔርቫ ወፍ ጉጉት ተቀምጣለች። አምላኪቱ ወደ ሥራ ቤቱ የገባችው ሠራተኛውን ሳታስወጣ ነው።

በ2020 ደግሞ ቆፋሪዎች የአንድ ምግብ ቤት ባንኮኒ ሙሉ በሙሉ አወጡ። በፊቱ የባሕር ልጃገረድ በባሕር ፈረስ ላይ ተቀምጣለች፤ በሌላው ጐኑ ለወጥ የተዘጋጁ ዳክዬዎች ተሥለዋል። ከማሰሮዎቹም ውስጥ የዳክዬ፣ የአሳማ፣ የፍየልና የዓሣ ቅሪት፣ ቀንድ አውጣም ጭምር ተገኝቷል።